በኤሊት ዴንጀረስ የጭነት ንግድ እንዴት ይጀመራል? ከ1,000 ክሬዲት እስከ ታይፕ-6 እና ከዚያ በላይ

የጠፈር መርከብ ጨዋታውን ኤሊት ዴንጀረስን የጀመረ ሰው ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄው "ምን ብጭን ያዋጣኛል?" ነው። የሸቀጥ ስም ቢነገረው ደስ ይለዋል፤ ነገር ግን በሳምንቱ ያ ሸቀጥ ዋጋው ወርዶ ያገኘዋል። በዚህ ጨዋታ ነጋዴን የሚያቆመው የሸቀጡ ዓይነት አይደለም። በሰዓት ስንት ዙር እንደሚመላለስና መርከቡ አንድ ቀን ቢፈነዳ መልሶ መነሣት መቻሉ ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በሙሉ በእነዚህ ሁለት ነገሮች ላይ የቆመ ነው።

ለማያውቁት በአጭሩ፦ ጨዋታውን የሠራው እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ የሚገኘው ፍሮንቲየር ዴቨሎፕመንትስ ነው። በፒሲ የወጣው በታኅሣሥ 2014 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ መነሻው ዴቪድ ብሬበንና ኢያን ቤል በ1984 ለቢቢሲ ማይክሮ ኮምፒውተር የሠሩት የመጀመሪያው ኤሊት ነው። የእኛን ጋላክሲ በእውነተኛ መጠኑ፣ 400 ቢሊዮን ገደማ ከሆኑ የኮከብ ሲስተሞች ጋር ይዞታል። ሰው የሚኖርበትና ገበያ ያለው ግን ከዚያ ውስጥ እጅግ ጥቂቱ ብቻ ነው። ተጫዋቾች "በብል" የሚሉት እሱን ሲሆን ነጋዴ ውሎ የሚያድረው እዚያው ነው። የፕሌይስቴሽንና የኤክስቦክስ ቅጂዎች ቢኖሩም ከ2022 ወዲህ አዲስ ነገር አይጨመርባቸውም፤ ዛሬ የምትገዙ ከሆነ በፒሲ ይሁን።

ከመነሣታችሁ በፊት

ጨዋታው ሲከፈት ኦፕን፣ ፕራይቬት ግሩፕ እና ሶሎ የሚሉ ሦስት ምርጫዎች ታገኛላችሁ። በሶሎ ጀምሩ። ጋላክሲውም፣ ገበያውም፣ የናንተም ገንዘብና መርከብ በሦስቱም አንድ ነው፤ ልዩነቱ በኦፕን ሌሎች ተጫዋቾች ሊያገኟችሁ መቻላቸው ነው። ጭነት የያዘ አዲስ ሰው ማፈንዳት መዝናኛቸው የሆነ ሰዎች አሉ፣ እናም በጭነት መርከብ እነሱን ተዋግታችሁ አትረቱም። "ሶሎ መጫወት ፍርሃት ነው" የሚል ሲያጋጥማችሁ ሳቁና እለፉት። ሶሎም ቢሆን ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ወደ ዋናው ሜኑ ይመልሳችኋል። ቢሆንም የሌሎች ተጫዋቾች ዳታ ስለማይመላለስ ኔትወርኩ ለሚዋዥቅበት ሰው ከኦፕን ይሻላል።

ሥልጠናዎቹን አትዝለሉ፤ በተለይ ሱፐርክሩዝን፣ ማለትም በአንድ ሲስተም ውስጥ በከፍተኛ ፍጥነት መብረርን፣ እና ጣቢያ ላይ ማረፍን የሚያስተምሩትን። አዲስ ተጫዋች የሚጀምረው የፓይለትስ ፌዴሬሽን ዲስትሪክት በሚባል፣ ነባሮች መግባት በማይችሉበት ሰፈር ነው። እዚያ ሳላችሁ ተማሩ፣ ተጋጩ፣ ተሳሳቱ። ደረጃችሁ ከፍ ሲል መግቢያው ይዘጋባችኋል።

ያለ ወረት መጀመር

በእጃችሁ ያለው ሳይድዊንደር የምትባል ትንሽ መርከብና 1,000 ክሬዲት፣ ማለትም የጨዋታው ገንዘብ፣ ነው። አንድ ቶን ወርቅ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ክሬዲት ያወጣል፤ በዚህ ወረት የሸቀጥ ንግድ እንጀምር ብትሉ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሰው ዕቃ አድራሽ ሁኑ።

ጣቢያ ላይ ስታርፉ የተልዕኮ ሰሌዳውን ክፈቱ። ከዝርዝሩ ዳታ ወይም መልእክት አድርሱ የሚሉትን ፈልጉ። የጭነት ቦታ አይፈልጉም፣ ወረትም አይጠይቁም፤ ወስዶ መስጠት ብቻ ነው። ዋናው ብልሃት መድረሻቸው ተመሳሳይ የሆኑትን አንድ ላይ መሰብሰብ ነው። ወደ አንድ ሲስተም የሚሄዱ አራት አምስት ተልዕኮዎች ይዛችሁ ብትነሡ መንገዱ ያው አንድ መንገድ ነው፣ ክፍያው ግን አራት አምስት ነው። እዚያ ስትደርሱ ደግሞ ወደ መጣችሁበት የሚመለሱ ተልዕኮዎች ካሉ ያዙ። ሲያስረክቡ ጨዋታው የሽልማት ምርጫ ይሰጣል፤ ለጊዜው ክሬዲቱን ውሰዱ። በዚያው ተመላልሳችሁ ስትሠሩ ተልዕኮ ሰጪዎቹ ያምኗችኋል፣ ስማችሁ ሲታወቅ የሚሰጧችሁም ሥራ ክፍያው ከፍ ይላል። ለዚህ ነው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሲስተም ሲስተም መባዘኑ የማያዋጣው፤ ሁለት ሦስት ጎረቤት ጣቢያ መርጦ እዚያው መልመድ ይሻላል።

ጭነት አድርሱ የሚሉትንም መያዝ ትችላላችሁ፤ ዕቃውን የሚሰጧችሁ እነሱ ናቸው። ሁለት ነገር ግን አንብቡ፦ ስንት ቶን እንደሆነና ዕቃው ሕገ ወጥ መሆን አለመሆኑን። አንዳንድ ሲስተም የሚፈቅደውን ሌላው ይከለክላል፣ ጣቢያ ልትገቡ ስትሉ ፖሊስ ስካን ካደረጋችሁ ቅጣት አለ። ኮንትሮባንድ የራሱ ሙያ ነው፣ ለጀማሪ አልመክርም።

የመጀመሪያዋ የጭነት መርከብ

50,000 ክሬዲት ሲያልፍ ሃውለር የምትባለውን መርከብ መግዛት ይቻላል፤ ዋጋዋ 52,720 ነው። መልኳ ኮንቴይነር ላይ መስኮት የተገጠመ ይመስላል። በትንሽ ወጪ ሩቅ ስለምትዘልና ከሳይድዊንደር እጥፍ ገደማ ስለምትጭን ግን ለዚህ ደረጃ አቻ የላትም። ኮብራ ማርክ 3 ደግሞ 350,000 ገደማ ናት። ፈጣን ናት፣ መዋጋትም መሸሽም ትችላለች፤ ከንግዱ ጎን ሌላ ነገር መሞከር ለሚያምረው ሰው ጥሩ ናት። ለንግድ ብቻ ከሆነ ግን ኮብራን ዘልላችሁ ገንዘቡን ታይፕ-6 ለምትባለው የጭነት መርከብ ብታጠራቅሙ ይሻላል።

መርከብ ስትገዙ ዋጋው የባዶው ነው። ሌላው ወጪ ሞጁሎቹ፣ ማለትም መርከቧ ላይ የሚገጠሙት ዕቃዎች ናቸው። የጭነት መደርደሪያ አቅም በቀላል ሒሳብ ይታወቃል፤ መጠኑ አንድ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ይሆናል። መጠን 1 ሁለት ቶን፣ መጠን 2 አራት፣ መጠን 3 ስምንት፣ መጠን 4 አሥራ ስድስት፣ መጠን 5 ሠላሳ ሁለት እያለ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ቦታ በሌላ ነገር ማጥፋት ትናንሾቹን ሁሉ ከማጥፋት ይብሳል።

የሞጁል ደረጃ ከኢ እስከ ኤ ነው። ኤ ምርጡና ውዱ ነው፤ ዲ ደግሞ ቀላሉ ነው፣ ማለትም ክብደቱ ትንሽ የሆነው። ለነጋዴ ደንቡ ይኸው ነው፦ ከኮከብ ኮከብ የሚያዘልለውን ሞተር፣ ተጫዋቾች ኤፍኤስዲ የሚሉትን፣ አቅም በፈቀደ ኤ አድርጉት። የቀረውን፣ ሴንሰሩንና የኦክስጅን ሥርዓቱን ጨምሮ፣ ዲ አድርጉት። መርከቧ በቀለለች ቁጥር ሩቅ ትዘላለች፣ ሩቅ ስትዘል የዝላይ ቁጥር ይቀንሳል፣ የዝላይ ቁጥር ሲቀንስ ዙሩ ያጥራል። የጦር መሣሪያውን ንቀሉት፤ ክብደት ነው። ጋሻውን ግን አትንቀሉ። "ጋሻ አውልቄ 8 ቶን ጨመርኩ" የሚሉ አሉ። ጋሻ የሌለው መርከብ የጣቢያ በር ጠርዝ ሲነካ የሚሆነውን እስኪያዩ ነው።

የነዳጅ መቅጃው ሞጁል ከኮከብ ላይ ነዳጅ ይቀዳል። ሩቅ ለሚሄድ ሰው የግድ ነው፤ በሁለት ጣቢያ መካከል ለሚመላለስ ነጋዴ ግን ቦታ መያዝ ብቻ ነው። ጣቢያው ላይ ቅዱ፣ በመቅጃው ቦታ ጭነት ጫኑ። ወደማታውቁት ሩቅ ሲስተም ስትሻገሩ ግን ግጠሙት፣ መቅዳት የሚቻለውም ኦ፣ ቢ፣ ኤ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኬ እና ኤም ከሚባሉት የኮከብ ዓይነቶች ብቻ እንደሆነ አትርሱ።

መስመር መምረጥ

ገበያው የሚሠራበት አመክንዮ ግልጽ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ የኢኮኖሚ ዓይነት አለው፦ ማዕድን ማውጫ፣ ማጣሪያ፣ ኢንዱስትሪ፣ ከፍተኛ ቴክኖሎጂ፣ እርሻ እና ሌሎችም። አንዱ የሚያመርተውን ሌላው ይፈልገዋል። ቦክሳይት ከማዕድን ማውጫ ተነሥቶ ማጣሪያ ይሄዳል፤ ከማጣሪያው አሉሚኒየም ሆኖ ኢንዱስትሪ ይገባል፤ ኢንዱስትሪው ደግሞ የማዕድን ማውጫ ማሽን ሠርቶ ወደ መጀመሪያው ይልካል። እርሻውም እንዲሁ የሰብል መሰብሰቢያ ማሽን ተቀብሎ እህልና ሥጋ ይሸጣል። ይህን ካወቃችሁ ምንም መሣሪያ ሳትከፍቱ፣ የጋላክሲውን ካርታ ብቻ አይታችሁ የሚያዋጣ ጥንድ መገመት ትችላላችሁ። ጥሩ ጥንድ ማለት የሁለቱም ጣቢያ ምርት ለሌላው የሚያስፈልገው ነው። ከጂቡቲ አዲስ አበባ የሚመላለስ የከባድ መኪና ባለቤት የሚጨነቀው ስለ መልሱ ጭነት እንደሆነው ሁሉ፣ እናንተም ባዶ የምትመለሱበትን መስመር ትርፉ በግማሽ እንደተቆረጠ ቁጠሩት።

የገበያውን ሰሌዳ ስትከፍቱ በእያንዳንዱ ሸቀጥ ፊት መሸጫው፣ መግዣው፣ አቅርቦቱ፣ ፍላጎቱና የጋላክሲው አማካይ ዋጋ ይታያል። ዓይናችሁ መጀመሪያ ወደ አማካዩ ይሂድ። መግዣው ከአማካዩ በጣም የወረደ፣ አቅርቦቱም ብዙ የሆነ ሸቀጥ ካለ ያ ጣቢያ የዚያ ዕቃ ምንጭ ነው። ከዚያ ፍላጎቱን መዳረሻው ላይ ተመልከቱ፤ ከምትጭኑት ብዙ እጥፍ ሊሆን ይገባዋል። 100 ቶን ይዛችሁ 120 ብቻ የሚፈልግ ገበያ ውስጥ ብትገቡ ዋጋው በእጃችሁ ላይ ይወርዳል፣ ሁለተኛውን ዙርም አታገኙትም። ቡናም በገበያው ዝርዝር ከምግብ ሸቀጦች አንዱ ሆኖ ይገኛል። ስሙን አይቶ መጫን ለኛ ሰው ልብ ያሞቃል፣ ዋጋው ግን ዝቅተኛ ስለሆነ ኪስ አይሞላም። አንድ ጊዜ ለፎቶ ይጫን።

አብዛኛው ነጋዴ ግን መስመር የሚፈልገው ኢናራ በሚባለው ድረ ገጽ ነው። እዚያ ያለው ዋጋ ጨዋታው ራሱ የሚልከው አይደለም። ተጫዋቾች ጣቢያ ሲያርፉ ኮምፒውተራቸው ላይ የጫኑት ፕሮግራም ይልከዋል። ስለዚህ ማንም ያልጎበኘው ጣቢያ ዋጋ ያረጀ ነው። ፍለጋውን ስታደርጉ እነዚህን አስተካክሉ፦

የዋጋው ዕድሜ ከአንድ ቀን አይብለጥ። ጣቢያው ከዋናው ኮከብ ያለው ርቀት ከ1,000 የብርሃን ሰከንድ በታች ይሁን። የማረፊያ ፓዱ መጠን ለመርከባችሁ የሚሆን ይሁን፤ አውትፖስት የሚባሉት ትናንሽ ጣቢያዎች ትልቅ ፓድ የላቸውም። ፍሊት ካሪየሮችን አውጡ፤ እነሱ የተጫዋቾች ንብረት ስለሆኑ እናንተ ስትደርሱ ሌላ ሲስተም ሄደው ልታገኙ ትችላላችሁ። ፕላኔት ላይ ያሉ ወደቦችንም ለጊዜው አውጡ፣ መውረዱ ጊዜ ይበላል።

የርቀቱን ነገር ችላ የሚል ሰው ሃተን ኦርቢታልን ይጠይቅ። አልፋ ሴንታሪ ሲስተም ውስጥ ያለ ጣቢያ ነው፣ ከደረሳችሁበት ኮከብ 0.22 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ በሱፐርክሩዝ ከአንድ ሰዓት በላይ ቀጥ ብሎ መብረር ነው። ነባሮች አዲስ ሰው ሲያገኙ "እዚያ አናኮንዳ መርከብ በነጻ ይሰጣሉ" እያሉ ይልካሉ። አይሰጡም።

አሁን ሒሳቡ። ሁለት መስመር አገኛችሁ እንበል፣ መርከባችሁ 100 ቶን ይጭናል። የመጀመሪያው በአንድ ዙር፣ ደርሶ መልሱን ጨምሮ፣ በቶን 15,000 ክሬዲት ያተርፋል፤ ዙሩ ግን 30 ደቂቃ ይፈጃል። ሁለተኛው በቶን 9,000 ብቻ ነው፤ ዙሩ ግን በ12 ደቂቃ ያልቃል። አንደኛው በሰዓት 3 ሚሊዮን ይሰጣል፣ ሁለተኛው 4.5 ሚሊዮን። ድረ ገጹ ከላይ የሚያስቀምጥላችሁ የመጀመሪያውን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ዙር በስልካችሁ ሰዓት ለኩና ራሳችሁ አስሉት።

አንዱን ዙር በዝርዝር

ጫናችሁ፣ ነዳጅ ሞላችሁ፣ መድረሻውን በካርታው ላይ መረጣችሁ። ከጣቢያው ስትወጡ ፍጥነታችሁን በሰከንድ ከ100 ሜትር አታሳልፉ። ከዚያ በላይ ሆናችሁ ከሌላ መርከብ ጋር ብትጋጩ ጥፋቱ የናንተ ነው፣ በጣቢያ አጠገብ ጥፋት ደግሞ በጥይት ሊያስመታ ይችላል። ጣቢያው ትልቅ ስለሆነ በቅርቡ ሳላችሁ ኤፍኤስዲ አይነሣም፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቁ። ከዚያ ኤፍኤስዲውን አስነሡ፣ አፍንጫውን ወደ መድረሻው ምልክት አዙሩ።

በዝላዩ ዋሻ ውስጥ ሳላችሁ ፍጥነቱን ዜሮ ላይ አድርጉት። ሁልጊዜ የምትወጡት ኮከቡ ፊት ለፊት ነው። ፍጥነት እንዳለ ከሆነ በቀጥታ ወደ እሳቱ ነው፣ መርከቧም ከሱፐርክሩዝ በግድ ትወድቅና ትጎዳለች። ስትወጡ ኮከቡን ከጎን አድርጋችሁ ዙሩ፣ ጣቢያውን ዒላማ አድርጉ፣ ፍጥነቱን ሙሉ ልቀቁት።

አዲስ ሰው ሁሉ የሚሰናከለው ቀጥሎ ነው። ሱፐርክሩዝ ላይ ከዒላማው ስም ሥር የቀረው ጊዜ ይቆጠራል። ቁጥሩ 7 ሰከንድ ሲደርስ ፍጥነቱን ወደ 75 ከመቶ፣ ማለትም በሰማያዊ ቀለም ወደተለየው ክፍል አውርዱት። ከዚያ በኋላ አትንኩት፤ መርከቧ ራሷ እየቀነሰች ትደርሳለች። ቁጥሩ 5፣ 4፣ 3 እያለ ከወረደ በጣም ፈጥናችኋል፤ ጣቢያውን አልፋችሁ ሄዳችሁ፣ ዞራችሁ መመለስ ይሆናል። ርቀቱና ፍጥነቱ ሲስተካከሉ ስክሪኑ መውጣት እንደሚቻል ይነግራችኋል፣ ያኔ ውጡ።

ከጣቢያው 7.5 ኪሎ ሜትር ውስጥ ስትገቡ በግራው ፓነል ኮንታክትስ ከሚለው ሥር የማረፍ ፈቃድ ጠይቁ። ከዚያ ርቃችሁ ከጠየቃችሁ ይከለክላችኋል፣ ብዙ ሰው ለምን እንደተከለከለ ሳይገባው ይናደዳል። ፓድ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ 10 ደቂቃም ይቆጠርላችኋል። ትልልቆቹ ጣቢያዎች ይሽከረከራሉ፤ በሩ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ነው፣ አንድ ጎኑ አረንጓዴ ሌላው ቀይ መብራት አለው። ስትገቡ አረንጓዴው በቀኛችሁ ይሁን። የሚወጡት መርከቦች በዚያኛው በኩል ናቸው። የማረፊያ እግሩን አውጡ፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ።

ይህን ሁሉ የሚሠራላችሁ ሞጁል አለ። ዶኪንግ ኮምፒውተር ፍጥነቱን ዜሮ አድርጋችሁ ስትቆሙ ተረክቦ ያሳርፋል፣ ሱፐርክሩዝ አሲስት ደግሞ መንገዱን ይይዛል። ሁለቱም መጠን 1 ቦታ ብቻ ነው የሚይዙት። አዋቂ ነን የሚሉ ይንቋቸዋል። እኔ በንግድ መርከብ ላይ አላወልቃቸውም፤ ኮምፒውተሩ ሲያሳርፍ የሚቀጥለውን ገበያ ማየት ይቻላል። ግን መጀመሪያ በእጃችሁ ማረፍ ቻሉ፣ አንድ ቀን ያስፈልጋል።

ሽፍታ ሲመጣ

ጭነት ካላችሁ የጠፈር ሽፍታ ይመጣል፤ ባዶ መርከብ ብዙም አይፈልጉም። ምልክቱ ይታወቃል፦ ሱፐርክሩዝ ላይ ሳላችሁ ስለ ጭነታችሁ የሚያወራ መልእክት ይደርሳችኋል፣ ከኋላችሁም አንድ መርከብ ይጠጋል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ስክሪኑ ይናወጣል፤ ጠለፋው ተጀምሯል።

ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንዱ መታገል ነው፤ ማምለጫውን ሰማያዊ ምልክት እየተከተላችሁ መርከቧን ማዞር። ቀላል መርከብ ላይ ይቻላል። በትልልቆቹ የጭነት መርከቦች ግን ከባድ ነው፣ ስትሸነፉም መርከቧ እየተሽከረከረች ትወጣለች፣ ትጎዳለች፣ ኤፍኤስዲው እስኪነሣም ረጅም ጊዜ ይፈጃል። ሁለተኛው እጅ መስጠት ነው፣ እኔም የምመክረው እሱን ነው። ፍጥነቱን ወዲያው ዜሮ አድርጉ። በሰላም ትወጣላችሁ፣ ኤፍኤስዲውም ቶሎ ይነሣል። እንደወጣችሁ ኃይሉን ወደ ጋሻና ሞተር አዙሩ፣ ቡስት አድርጉ (ሞተሩ ለአፍታ በኃይል የሚገፋበት ነው)፣ በቀጥታ አትብረሩለት። ከዚያ እዚያው ሲስተም ውስጥ ወደ ሱፐርክሩዝ ለመመለስ ከመሞከር ይልቅ ወደ ሌላ ሲስተም ዝለሉ። በአጠገባችሁ ያለ ትልቅ መርከብ ወደ ሱፐርክሩዝ መግባትን ያዘገየዋል፤ ወደ ሌላ ሲስተም መዝለልን ግን አያዘገይም። ይህችን ልዩነት የማያውቅ ነጋዴ ጭነቱ ያልቃል። ለዚህም የሚቀጥለውን ሲስተም ሁልጊዜ አስቀድማችሁ በመስመሩ ላይ መርጣችሁ ያዙ፤ ጥይት ሲዘንብ ካርታ መክፈት አይቻልም።

መንግሥት የሌለባቸው፣ አናርኪ የሚባሉ ሲስተሞች ላይ ፖሊስ አይደርስላችሁም። መስመራችሁ በእነሱ የሚያልፍ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

የመልሶ መግዣ ገንዘብ

መርከባችሁ ስትፈነዳ ከነሞጁሎቿ ዋጋ 5 ከመቶ ከፍላችሁ መልሳችሁ ትወስዷታላችሁ። ገንዘቡ ከሌላችሁ ወደ ሳይድዊንደር መመለስ ነው፣ መርከባችሁ ከነሞጁሎቿ ትጠፋለች። መጠኑ በቀኙ ፓነል ይታያል፤ ከጣቢያ ከመውጣታችሁ በፊት ተመልከቱት።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ የነጋዴው ሒሳብ ግን አላለቀም። ኢንሹራንሱ ጭነቱን አይሸፍንም። 2 ሚሊዮን ክሬዲት የወጣባት ታይፕ-6 አለችን እንበል፤ መልሶ መግዣዋ 100,000 ነው። በቶን 10,000 የሆነ ዕቃ 100 ቶን ብትጭኑ ግን ጭነቱ 1 ሚሊዮን ነው፣ ከመልሶ መግዣው አሥር እጥፍ። መርከቧን አስመልሳችሁ የምትጭኑበት ከሌላችሁ ያው ከሥር መጀመር ነው። ስለዚህ ጭነት ከገዛችሁ በኋላ በሒሳባችሁ ላይ መልሶ መግዣውና የአንድ ሙሉ ጭነት ዋጋ መቅረት አለበት። ካልቀረ ግማሽ ጫኑ፣ ወይም ርካሽ ሸቀጥ ጫኑ። ሁሉን ከፍሎ ትልቅ መርከብ ገዝቶ ባዶ ኪስ የሚበር ሰው በየጊዜው አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ማደግ

ታይፕ-6 የንግዱ እውነተኛ መጀመሪያ ናት። ባዶዋ 1,045,945 ክሬዲት ነው፣ ጋሻ ተገጥሞላትም ከ100 ቶን በላይ ትጭናለች፣ መካከለኛ ፓድ ላይ ታርፋለች። ሞጁሎቿን ለማስተካከል ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ያዙ። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ቆዩ፤ መስመር መምረጥን የምትማሩት በእሷ ነው።

ከዚያ በኋላ ታይፕ-7 ትመጣለች፣ 17.5 ሚሊዮን ገደማ፣ 300 ቶን አካባቢ። ችግሯ ትልቅ ፓድ ብቻ ነው የምትቀበለው፤ ስለዚህ ታይፕ-6 ላይ የለመዳችሁት መስመር አውትፖስት ካለበት ይዘጋባችኋል። በ2024 የመጣችው ታይፕ-8 ግን መካከለኛ ፓድ ላይ እያረፈች 400 ቶን ገደማ ትጭናለች፤ እኔ ብሆን ታይፕ-7ን ዘልዬ ለእሷ አጠራቅማለሁ። ታይፕ-9 ደግሞ 76.5 ሚሊዮን አካባቢ ናት፣ ወደ 790 ቶን ትይዛለች፣ ስትዞር ግን ትዕግሥት ትፈልጋለች። በትልቅ መርከብ ሁሉ የምትፈልጉት አቅርቦትና ፍላጎት እንደሚጨምር አስቡ፤ ለ100 ቶን የበቃ ገበያ ለ790 አይበቃም።

የድሮውን መርከብ ስትሸጡ ጥሩ ሞጁሎቹን መጀመሪያ ነቅላችሁ ለየብቻ ሽጡ፤ ሞጁል በገዛችሁበት ዋጋ ይሸጣል፣ የመርከቡ አካል ግን አሥር ከመቶ ይቀንሳል። ወይም አትሽጡት፣ ለተልዕኮ ይሆናል።

መሰልቸት ሲመጣ፣ ይመጣልም፣ ብርቅዬ ሸቀጦችን ሞክሩ። ላቭ ሲስተም የሚሸጠው ላቪያን ብራንዲ ከእነሱ አንዱ ነው። እያንዳንዱ በአንድ ጣቢያ ብቻ ነው የሚገኘው፣ በአንድ ጊዜም ጥቂት ቶን ብቻ ይሰጣሉ፣ ዋጋውም ከተገዛበት በራቀ ቁጥር ይጨምራል፤ ከ150 የብርሃን ዓመት በላይ መውሰድ ያስፈልጋል። በትንሽ መርከብ ከሦስት አራት ቦታ ለቅሞ ሩቅ ሄዶ መሸጥ አገር ያሳያል። በሰዓት ሲሰላ ግን ለታይፕ-8 ባለቤት አያዋጣም። ገንዘብ ብቻ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ንግድን ትቶ ኦዲሲ በተባለው የጨዋታው ማስፋፊያ የመጣውን የዕፅዋት ናሙና መሰብሰብ ይመልከት፤ ዛሬ በሰዓት ከጀማሪ ነጋዴ ብዙ እጥፍ ይከፍላል።

ነጋዴነቱን ለሚወድ ግን ከየካቲት 2025 ወዲህ ሥራው በዝቷል። ትሬይልብሌዘርስ በተባለው ማሻሻያ ተጫዋቾች ሰው ያልሰፈረበትን ሲስተም ይዘው ጣቢያ መሥራት ጀምረዋል፤ ለአንድ ጣቢያ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ቲታኒየምና ሌላውም በሺዎች ቶን ይፈለጋል። ሁሉንም የሚያመላልሰው የጭነት መርከብ ያለው ሰው ነው። የሚከፍሉት ከጥሩ መስመር ያነሰ ነው፤ ግን ሰው ይለመዳል፣ ጓደኛም የሚገኘው እዚያ ነው። ያኔ ከሶሎ ወጥታችሁ ፕራይቬት ግሩፕ ግቡ።